በፍሳሽ ቧንቧችን ላይ ስለታየው ነጭ ነገር



ካለፈው ወር ወዲህ በሰፈራችን ወሬው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ሆኗል። ይኸውም በየቤቱ ከእጅ መታጠቢያና ከዕቃ ማጠቢያ ሥር ባለው የፍሳሽ ቧንቧ ላይ፣ በተለይም በመጋጠሚያው ዙሪያና ቧንቧው ወደ ውጭ በሚወጣበት በኩል፣ ነጭ ነገር ተጋግሮ መታየቱ ነው። አንዳንዱ ቤት እንደ አመድ ይቦናል፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ በጥፍር ቢጭሩት አይነሳም። ነገሩ መኖሩ እውነት ነው፣ እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ስለ ነገሩ የሚወራው ግን ሌላ ነው።

ከሚወራው ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ። አንደኛው ውሃው ውስጥ መርዝ ገብቷል ይላል። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣ ኬሚካል ቦርከናን ተከትሎ ቧንቧችን ደረሰ ይላል። ሦስተኛው ይብሳል። በረኪናና ቤቷ የምታዘጋጀውን ፈሳሽ ሳሙና እየቸረቸረች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እህታችን አለች። የእሷ ሳሙና ነው ቧንቧውን ያበላሸው ተብሎ ደንበኞቿ ቀሩባት፣ ልጆቿም በመንገድ ተሰደቡ። ስሟን እዚህ አንጽፍም፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

እንግዲህ የሰው እንጀራ እስከ መዝጋት ከተደረሰ ነገሩን በወሬ መተው አይቻልም። ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ አራት ግቢ ዞሮ ተመለከተ። የያዝነው ግማሽ ጠርሙስ አቼቶ፣ አንድ ምስማርና በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ነው። ከቧንቧው ላይ ነጩን በምስማር ፍቀን በሰሃን ላይ አደረግንና አቼቶ ጠብ አደረግንበት። በሦስቱ ግቢ ወዲያው ጭስስ ብሎ አረፋ አወጣ፣ ጥቂት ቆይቶም ሟሟ። ይኼ የኖራ ድንጋይ ምልክቱ ነው። አሲድ ሲነካው ከውስጡ ጋዝ ስለሚወጣ ነው የሚንጫጫው፣ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለውም ጋዝ ይኸው ነው። ከሦስቱ ቤቶች አንዱ ከእህታችን ሳሙና ገዝቶ የማያውቅ ነው። እንደዚሁም የአራተኛውን ግቢ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ታዲያ ኖራው ከየት መጣ? ከውሃው ከራሱ ነው። ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ በአፈሩ ውስጥ ካለው ጋዝ ይቀላቀልና ትንሽ ይኮመጥጣል። በዚያ ኮምጣጣነቱ ድንጋዩን እየላሰ ካልሲየምና ማግኔዥየም የሚባሉትን ማዕድናት ይዞ ይሄዳል። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ሲፈላ ወይም ሲደርቅ ግን ውሃው ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። እናቶች ይኼን ከማንም በፊት ያውቁታል። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን ተመልከቱ። ያ ነጭ ቅርፊት ስንት ዓመት የተቀመጠ ነው? ከሱ ሻይ ስንጠጣ ኖረናል፣ ማንም መርዝ ነው አላለም። በቧንቧው ላይ የታየው የዚያ ወንድም ነው።

ይህ የከሚሴ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን በዚህ የታወቁት ድሬዳዋና መቀሌ ናቸው። የሁለቱም ከተሞች የከርሰ ምድር ውሃ የሚያልፈው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹም እዚያ የተተከሉት ያንኑ ድንጋይ ለመፍጨት ነው። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ጠይቁ፣ ሳሙና አረፋ አላወጣ ብሎት የተቸገረውን፣ ቧንቧው ውስጡ እየጠበበ የተዘጋበትን ያወራችኋል። የእኛ የወሎ መሬት አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ቢሆንም ከጥቁር ድንጋይም እነዚህ ማዕድናት ይወጣሉ። በዚያ ላይ አገራችን ቆላ ነው፣ ጠብ ያለው ውሃ ሳይውል ሳያድር ይደርቃል። ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ የሚረጥብ መታጠቢያ በመካከሉ አምስት ጊዜ ይደርቃል ማለት ነው።

ስለ ጤናው የሚጨነቅ ሰው ይኼን ይያዝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጠጣርነት ከጤና አንጻር ያስቀመጠው የመጨረሻ ገደብ የለም። ካልሲየምና ማግኔዥየም ለአጥንትም ለሰውነትም የሚፈለጉ ናቸው። ድርጅቱ የሚለው በአንድ ሊትር ከ200 ሚሊግራም ገደማ በላይ ሲሆን በቧንቧና በማፍያ ዕቃ ላይ ሊጋገር ይችላል ነው። ሒሳቡን ብንሠራው፣ እንዲህ ያለ ውሃ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቢደርቅ የሚቀረው 4 ግራም ድንጋይ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ በየቀኑ ሲሆን ግን በወር ከ100 ግራም ያልፋል።

እዚህ ላይ ዋናውን ነገር እንናገር። ነጩ በቧንቧው ውጭ፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ከተጋገረ ያ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ውሃ ሳይወጣ ድንጋይ በውጭ በኩል አይበቅልም። ማፍሰሱ በጣም ቀስ ያለ ስለሆነ ጠብታው ወለል ሳይደርስ ይደርቃል፣ እናንተም አታዩትም። እንግዲያው ነጩን ጠርጎ መተው ዋጋ የለውም። መጋጠሚያው ይፈታ፣ ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ከደረቀች ትቀየር፣ ጥርስ ያለው ከሆነ ቴፍሎን ይጠቅለልበት። የሚንጠባጠብ የውሃ መክፈቻማ ባይወራ ይሻላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል መክፈቻ በቀን አንድ ጀሪካን ገደማ ይጨርሳል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን ተሸክመን የምንሮጥ ሰዎች ይኼን እንዴት እንታገሣለን?

አራተኛው ግቢ ላይ አቼቶው ምንም አላደረገም። እዚያ ያለው ነጭ ግራጫ ሆኖ ሲነኩት የሚያሟልጭ ነበር። የፈላ ውሃ ስናፈስበት ለሰለሰ፣ የቅቤ ሽታም ሸተተ። እሱ ከወጥ ዕቃ የሚታጠብ ቅባትና ሳሙና ከጠጣር ውሃ ጋር ሲገናኙ የሚሠሩት ዝቃጭ ነው። መድኃኒቱ ድስቱን ከማጠብ በፊት ቅባቱን በወረቀት ጠርጎ ከቆሻሻ ጋር መጣል ነው። ሌላም ዓይነት አለ። በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ እንደ ጥጥ የሚያቆጠቁጠው ጨው ነው፣ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። በነሐስ ላይ የሚታየው አረንጓዴ የመዳብ ዝገት ነው። ሲፎኑ ውስጥ ያለው ጥቁር ልጋግ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ በቆሻሻው ላይ የሚራባ፣ ሽታውም ከሱ ነው። በብሩሽ ይነሳል።

አሁን ወደሚያሠጋን እንምጣ። አንዳንድ ወጣቶች ነጩን ለማስለቀቅ የባትሪ አሲድ እየገዙ ማፍሰስ ጀምረዋል ተብሏል። ይኼ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ የብረት ቧንቧም ይበላል። ለሥራውም አይረባም፤ አሲዱ ኖራውን ሲያገኘው ወደ ጀሶ ይለውጠዋል፣ ጀሶው ደግሞ በላዩ ይለጠፋል እንጂ በቀላሉ አይሟሟም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር መቀላቀል ነው። ከሁለቱ የሚወጣው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ነው፣ በጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። በአቼቶ የምትሠሩ ከሆነ በዚያ ቀን በረኪና ወደ ቧንቧው አይግባ። በስህተት ተቀላቅሎ ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ ከመጣ ሁሉን ጥላችሁ ውጡ፣ ልጆችን አውጡ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ያሳለው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለቧንቧው አቼቶ ወይም ሎሚ በጨርቅ ነክሮ ግማሽ ሰዓት መጠቅለል ይበቃል። የዚንክ ሽፋን ባለው የብረት ቧንቧ ላይ ከዚያ በላይ አይቆይ፣ ሽፋኑን ይበላዋልና። ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ስለ ኮምቦልቻ የሚነገረው ከንቱ ነው አንልም። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና እንደሚገባ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፣ ከታች ያለን ሰዎችም ልንጮህበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ያ ሌላ ክስ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣ የብረት መርዝ ነጭ ሆኖ በመጋጠሚያ ላይ አይጋገርም። ውሃ ውስጥ ቢኖርም በዓይን አይታይም፣ በአቼቶም አይገኝም፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ማኅበሩ የቧንቧ ውሃችን የምርመራ ውጤት በየጊዜው በዚህ ሰሌዳ እንዲለጠፍልን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠይቃል።

የሚገርመን ሌላው ነው። የቧንቧውን ውሃ ፈርተው ልጆቻቸውን ጀሪካን አስይዘው ወደ ወንዝ የላኩ ቤተሰቦች አሉ። ኧረ ወገኖች! ከኮምቦልቻ ኬሚካል ሸሽቶ ወደ ቦርከና መውረድ ምን ይባላል? ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ውሃ ነው። ኮሌራ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ላይ ተነሥቶ ስንት ክልል እንዳዳረሰ ሰምተናል። የኮሌራ ተሕዋስ ነጭ ምልክት ትቶ አያስጠነቅቅም። ወንዙን ካልጠጣን የሚል ቢኖር እንኳ ሳያፈላ ለልጅ አይስጥ።

ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አቼቶውና ምስማሩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይኖራሉ። ከቧንቧችሁ የፈቃችሁትን በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡና በፊታችሁ ይፈተን። ከየትኛው ቧንቧ፣ ከውስጥ ወይስ ከውጭ እንደተነሣ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ይኼን ጽሑፍ በኦሮምኛ ንገሩልን። ስለ እህታችንም፣ የሷ የራሷ ቤት ቧንቧ ከአራቱ አንዱ እንደነበረና እንደሌላው እንደተንጫጫ ሽማግሌዎቹ ምስክር ናቸው። ስሟን ያጠፉ ሰዎች ደጇ ሄደው ይነጋገሩ፣ ሽማግሌ የሚፈልግ ካለ ማኅበሩ ይሰጣል።