ጎመን በጤና

«ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት በኢትዮጵያ ምድር የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ሰው ሁሉ በአፉ ሲናገረው ይኖራል እንጂ በገበታው ሲፈጽመው አይታይም። አባቶች ይህን ቃል ሲናገሩ ጎመንን ማመስገናቸው አልነበረም፤ ሥጋና ቅቤ ቢታጣ፥ ሀብትና ሹመት ቢቀር፥ ጤና ከተገኘ ይበቃል ለማለት ነበር። ስለዚህ በተረቱ ውስጥ ጎመን የድህነት ምልክት፥ ጤና ደግሞ የድህነቱ መካሻ ሆነው ቆሙ። ክረምቱ አልፎ አዲሱ እህል ሲደርስም «የጎመን ምንቸት ውጣ፥ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል፤ ጎመን የችግር ወራት ምግብ ተቈጥሮ ከቤት የሚሰናበት ነው።

የዛሬው የሕክምና ዕውቀት ግን የተረቱን ሁለት ክፍል አገናኝቶ፥ ጎመኑ ራሱ ለጤናው ምክንያት መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ በድሃ ቤት ተንቆ የኖረው ምግብ በባለጸጋውና በሹሙ ቤት ሊከበር የሚገባው ጊዜ ደርሷል።

በቀድሞ ዘመን ሰውን ይጥለው የነበረው ራብ፥ ወረርሽኝና ንዳድ ነበር። እነዚህ ፈጽመው ሳይጠፉ፥ በከተማ ደግሞ የደም ብዛት፥ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ተጨመሩ። እነዚህም በሽታዎች ይልቁን የሚበረቱት ቀኑን በወንበር ተቀምጦ በሚውለው፥ ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ በመኪና በሚመላለሰው፥ ማታም ከግብዣ ወደ ግብዣ በሚሄደው ሰው ላይ ነው። ገበሬ የበላውን ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ሲታገል ይጨርሰዋል። የጽሕፈት ቤት ሰው ግን የበላው ከሥራው ስለሚበልጥ ትርፉ በሰውነቱ ይከማችበታል። ብዙ ዘመን ተምሮ፥ ብዙ ዘመን አገልግሎ፥ ምክሩ በሚፈለግበት ዕድሜ ድንገት ታሞ የሚቀር ሰው ጉዳቱ ለቤተ ሰቡ ብቻ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤቱም ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ይህን ነገር ከሐኪም አስቀድሞ ከነቢዩ ከዳንኤል መጽሐፍ ሰምቶታል። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ንጉሥ ቤት ሳሉ ከንጉሡ ማዕድና ከሚጠጣው ወይን ድርሻ ተቈርጦላቸው ነበር። እነርሱ ግን ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ተሰጥቷቸው እንዲፈተኑ ለመኑ። ዐሥሩ ቀን ሲፈጸም ከንጉሡ ማዕድ ከበሉት ብላቴኖች ይልቅ የእነርሱ ፊት አምሮ፥ ሰውነታቸውም ወፍሮ ተገኘ። እርግጥ ዳንኤል ይህን ያደረገው ሕጉን ለመጠበቅ ነው እንጂ ጤናን ፈልጎ አይደለም። ቢሆንም እነዚያ ብላቴኖች በቤተ መንግሥት ለማገልገል ይሠለጥኑ የነበሩ መሆናቸውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ልብ ቢለው መልካም ነው።

ከዚያም ወዲህ በሌላው ዓለም የተደረገው ፈተና ይህንኑ ያጸናል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ሐኪም፥ ድዳቸው እያበጠና እየደማ ጉልበታቸው የከዳቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ፥ ለያንዳንዱ ጥንድ ልዩ ልዩ መድኀኒት ሰጠ። ከሁሉ ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ። የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ በየጊዜው እንዲታደል ሹማምንቱ የፈቀዱት ግን በ1795 ዓ.ም. ነው። መድኀኒቱ ከታወቀ በኋላ 48 ዓመት ሙሉ መርከበኛ በዚያ በሽታ ሲያልቅ ኖረ። ሎሚ ጠፍቶ አልነበረም፤ ፈቃጅ ጠፍቶ ነው እንጂ። ሥልጣን በእጁ ላለ ሰው ይህ ታሪክ ከምግብ ትምህርት የሚበልጥ ትምህርት አለው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም፥ በ1917 ዓ.ም.፥ ዴንማርክ በባሕር መንገድ መዘጋት ምክንያት ከውጭ የምታስገባው እህል ቀረባት። ሂንድሄዴ የሚባል ሐኪም መንግሥቱን እየመከረ፥ ለአሳማ ይሰጥ የነበረው እህል ለሰው እንዲውል፥ ዳቦውም ገለባው ሳይለይ እንዲጋገር አደረገ። ብዙ አሳማ ታረደ፤ ሕዝቡም በእህል፥ በድንችና በአትክልት ብዙ ወራት ቈየ። በተከተለው ዓመት የሞት ቍጥር ከቀደሙት ዓመታት ዝቅ ብሎ መገኘቱን ይኸው ሐኪም በ1920 ዓ.ም. ጽፎ አሳትሟል። በዚያው ጊዜ ከእህል የሚወጣው ዐረቄ ስለ ተቀነሰ ከጥቅሙ ከፊሉ ከመጠጡ ማነስ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን ለግብዣ ወዳዶች ሌላ ተግሣጽ ነው እንጂ ማመካኛ አይሆንላቸውም።

ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ400 ግራም የማያንስ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ፥ ጨውም ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ፥ እንዳይበልጥበት ይመክራል። እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ክፍል በጨውና በጢስ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሥጋ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል።

ይህን ሁሉ ሲሰማ የኢትዮጵያ ሰው ሊደነቅ አይገባውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፥ የነቢያት፥ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሌሎችም ሲጨመሩ ለምእመናን ወደ 180፥ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ቀን ይደርሳል። የጾም ዋና ፍሬ የነፍስ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሥጋ፥ ቅቤ፥ ወተትና እንቍላል በሌለበት ቀን ቤተ ሰቧን ለመመገብ የተጨነቀች የኢትዮጵያ እናት ብዙ ጥበብ አስገኝታለች። ሽሮው፥ የምስሩና የአተሩ ክክ፥ አዚፋው፥ ስልጆው፥ የሱፍና የተልባ ፍትፍቱ፥ በሶው፥ ንፍሮው፥ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ሁሉ የዚህ ጥበብ ፍሬ ናቸው። ጤፉም ቢሆን ገለባው ሳይለይ ከነፍሬው የሚፈጭ ነው፤ ሊጡም ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት የተሻለ እንዲስማማ ይሆናል። ሌላው አገር ዛሬ በመጽሐፍና በትምህርት ቤት የሚፈልገው በዚህ አገር በምንቸት ውስጥ ይገኛል።

ታዲያ ጕድለቱ የቱ ላይ ነው ቢባል፥ የጾሙ ገበታ ቀላልነቱን እየተወ መምጣቱ ነው። ቅቤ የቀረበት ወጥ ቅቤውን ለማስረሳት በዘይት ይዋኛል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከውጭ በሚመጣው፥ በብርድ በሚረጋው የፓልም ዘይት። ጎመኑ አረንጓዴነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይቀቀልና ውሃው ይደፋል፤ ቫይታሚን ሲ የሚባለው ኀይል ግን በእሳት የሚጠፋና ወደ ውሃው የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ጥቅሙ ከውሃው ጋር ይፈስሳል። ጨው ያለ ልክ ይነሰነሳል። ከእንጀራው ጎን ነጭ ዳቦ፥ ከዳቦው ጎን ስኳር የበዛበት የጠርሙስ መጠጥ ይቀመጣል። ሥጋ የሌለበት ሁሉ ጤና አይደለምና፥ በዚህ ዐይነት ጹሞ የሚውል ሰው ለሐኪም የሚነግረው ጾም እንጂ የሚታይ ጾም የለውም።

መመለሻው ቀላል ነው። ጎመን በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ ተከትፎ፥ በጥቂት ውሃ ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ሲበስል፥ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት፥ አንድ ማንኪያ ዘይት፥ በመጨረሻም ቃሪያ ቢጨመርበት ጣዕሙም መልኩም ሳይጠፋ ለገበታ ይደርሳል። ምስር ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በሰናፍጭ፥ በሎሚ፥ በሽንኵርትና በቃሪያ ሲታሽ አዚፋ ይሆናል፤ ዘይት እንኳ እምብዛም አይሻም። ሎሚውም ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ባቄላ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፥ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ እስኪያቈጠቍጥ ቈይቶ ሲቀቀል ጉንቍል ይሆናል፤ ለሆድም ይቀልላል። ሱፍና ተልባ ደግሞ ቅባታቸውን ከነፍሬያቸው ስለሚሰጡ ከዘይት ዕቃ ያሳርፋሉ።

ስለ ጥሬም አንድ ነገር መናገር ያሻል። ጥሬ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ፈጥኖ ወደ ቍርጥ ይሄዳል። ነገር ግን በአማርኛ ጥሬ ማለት ያልተፈጨ እህልም ነው፤ ጥራጥሬ የሚለውም ቃል የዚሁ ዘር ነው። ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያመጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ፥ አባቶች ለመድኀኒቱ የኮሶን ዛፍ አበባ ሲጠጡ ኖረዋል። እንግዲህ ጥሬ የሚወድ ሰው ፍቅሩን ከከብቱ ወደ አትክልቱ ቢያዛውረው ይሻለዋል። ቲማቲም፥ ሽንኵርትና ቃሪያ በሎሚ ታሽተው ከእንጀራ ጋር ሲፈተፈቱ፥ ሰላጣና ካሮት ሲቀርቡ፥ ከምሳ በኋላም በኬክ ፋንታ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ቢቈረጥ፥ እሳት ያልነካው ድርሻ ተሟላ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ መልካም ነገር ወደ ክፉ ይለወጣል። ጥሬውን የሚበላ ሰው አስቀድሞ ስለ ውሃው ይጠይቅ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የከተማው ፍሳሽ በገባበት በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት አለ፤ እንዲህ ያለው ሳይታጠብ ቢበላ የአንጀት ትልና ተስቦ ያመጣል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፥ የሚላጠውንም መላጥ ያስፈልጋል፤ የአትክልቱ ምንጭ ካልታመነ ማብሰል ይሻላል። ቦሎቄና አደንጓሬ በሚገባ ሳይፈሉ አይበሉም። ጓያም ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን የሚያሽመደምድ መሆኑ በብዙ መንደር በመከራ ታይቷል። ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለውም በአትክልት ውስጥ ስለማይገኝ፥ የፍስክ ምግብን ፈጽሞ የሚተው ሰው ሐኪሙን ሊያማክር ይገባዋል። ይልቁንም ሕፃናትን፥ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን በቅጠል ብቻ እናሳድራለን ማለት ጥበብ አይደለም። የኩላሊት ሕመምተኛም ሆነ መድኀኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ገበታውን አይለውጥ፥ መድኀኒቱንም አያቋርጥ።

ይህ ሁሉ ለጠገበ ሰው የሚነገር ነው ብሎ የሚቃወም ይኖራል፤ ቃሉም ከፊሉ እውነት ነው። ሥጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚቀምስ ድሃ ሥጋ ቀንስ ብሎ መምከር ስድብ ነው። በከተማም የቲማቲምና የብርቱካን ዋጋ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። መልሱ ግን ምክሩን መተው አይደለም፤ ምክሩን ለሚገባው ሰው መስጠት፥ አትክልቱንም ለድሃው ማቅረብ ነው። ጎመንና ቃሪያ ሰፊ መሬት አይሹም፤ በትምህርት ቤት፥ በመሥሪያ ቤትና በደብር ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለበት ቦታ ሁሉ የጓሮ አትክልት ሊሆን ይችላል።

ከዋጋው የሚብሰው መሰናክል ክብር ነው። ለእንግዳ ጎመን ያቀረበ ሰው እንግዳውን እንደ ናቀ ይቈጠራል። ሙሽራው፥ ተሿሚውና ሐዘንተኛው ሁሉ የሚለካው በታረደው በሬ ስለ ሆነ፥ ድሃው ሰው ይህን ልክ ለመድረስ ይበደራል፤ ልኩን ያወጣው ግን ድሃው አይደለም። ታላላቆች በድግሳቸው ያደረጉትን ታናናሾች በብድር ይከተላሉ። እንግዲህ ልማዱን ያመጡት እነርሱ ከሆኑ፥ ሊለውጡትም የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ባለሥልጣኖች በመሥሪያ ቤት ስብሰባና ግብዣ ላይ ከሥጋው ጎን፥ ከዚያም በሥጋው ቦታ፥ ጎመኑን፥ አዚፋውንና ፍራፍሬውን በክብር ዕቃ ቢያቀርቡ ያለ ዐዋጅ ዐዋጅ ይሆናል። ካህናትም የንስሓ ልጆቻቸውን ስለ ጾም ሲያስተምሩ፥ ከሥጋና ከቅቤ መከልከልን ብቻ ሳይሆን መጠንን፥ ዘይት መቀነስንና ከማፍጠሪያው በኋላ ያለውን ሆዳምነት መተውን ቢጨምሩበት፥ ለነፍስ የተሠራው ሥርዓት ለሥጋም ይተርፋል። የምእመናን ጆሮ ከሐኪም ይልቅ ለንስሓ አባት የቀረበ ነውና።

በእንግሊዝ መርከብ ላይ ሎሚው 48 ዓመት ሹም ጠበቀ። የኢትዮጵያ ጎመን ግን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ፥ ጉባኤ የሚሻ ጉዳይም አይደለም፤ በጓሮ በቅሎ፥ በገበያ ተዘርግቶ፥ ወደ ታላላቆች ገበታ የሚያስገባውን ሰው ብቻ ይጠብቃል። ያን ጊዜ «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት የማጣት መጽናኛ መሆኑ ቀርቶ የማዕድ ምስጋና ይሆናል።