ማጣሪያው በጠመንጃ ያዥ አየር ይፈተን

ሄፓ የሚባለው የአየር ማጣሪያ ካርቶን ላይ 99.97 በመቶ ብናኝ ይይዛል የሚል ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የተለካው ግን አዲስ ማጣሪያ ላይ፣ በላቦራቶሪ ነው። በአዲስ አበባው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መንገድ ዳር ስድስት ወር የሠራ ማጣሪያ ስንት በመቶ እንደሚይዝ ካርቶኑ አይነግረንም። ይህ ሊለካ ይገባል።

አየራችን የራሱ ጠባይ አለው። ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ለአንድ ዓመት ያህል በመሀል አዲስ አበባ የተሰበሰበ ናሙና እንዳሳየው፣ ከደቃቁ ብናኝ 28 በመቶው ከተሽከርካሪ፣ 18.3 በመቶው ከማገዶ፣ 17.4 በመቶው ከአፈር የመጣ ነው። በክረምት አፈሩ ከበልጉ ይቀንሳል፤ የመኪናውና የማገዶው ጭስ ይጨምራል።

ለማጣሪያ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ማጣሪያዎች ደቃቁን ብናኝ የሚስቡት ሲመረቱ ክሮቻቸው በያዙት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ጥቀርሻና ቅባታማ ጭስ ክሩን ሲለብሰው ቻርጁ ይዳከማል። አየሩ እንደ ልብ ያልፋል፤ ደቃቁ ብናኝም አብሮት ያልፋል፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም የተበላሸ ነገር የለም። አፈር የበዛበት ማጣሪያ ደግሞ ብናኙን መያዙን ሳይተው ይደፈንና አየር ያሳጣል። አይኤስኦ 16890 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ማጣሪያው ቻርጁን በአልኮል ትነት ካጣ በኋላም እንዲለካ የሚያዘው ለዚህ ነው። በጋራዦቻችን የሞተር ፊልትሮን በኮምፕሬሰር ነፍቶ መልሶ መግጠም ልማድ ነው። ለክፍል አየር ማጣሪያ ግን ይህ አይሠራም፤ የጠፋ ቻርጅን ንፋስ አይመልሰውም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጠመንጃ ያዥ የጋራ መፈተኛ ይትከሉ። በገበያ ያሉት ማጣሪያዎች በጋ ከክረምት የዚያን መንገድ አየር ይሳቡ፤ ከፊታቸውና ከኋላቸው ያለው ብናኝ በየወሩ ተለክቶ ከነምርቱ ስም ይገለጽ። የአሜሪካ ኤምባሲ ለሕዝብ ያጋራ የነበረውን የአየር ልኬት በየካቲት 2017 ዓ.ም. አቋርጧል፤ የራሳችንን አየር ራሳችን መለካት አለብን። ወጪው ይከብዳል የሚል ይኖራል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ የማይሠራ ማጣሪያ ሕሙማን ክፍል ውስጥ መስቀል ይበልጥ ይከብዳል።

ማጣሪያ ጭሱን ከምንጩ እንደማያጠፋ እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉንም እንደግፋለን። ነገር ግን አሮጌዎቹ ሚኒባሶች ገና ለዓመታት ይመላለሳሉ፤ መንገድ ዳር የሚውሉት ሻጮችና የትራፊክ ፖሊሶች ማጣሪያ የላቸውም። መፈተኛው እነሱ የሚተነፍሱትንም ይመዝግብ። የሆስፒታልና የትምህርት ቤት የግዢ ጨረታዎችም ከዚህ በኋላ ማጣሪያው ከስድስት ወር አገልግሎት በኋላ የሚይዘውን መጠን ይጠይቁ።