የጨቅላ ሕፃን የደም ሥር መርፌ ጠባቂ ይሻል

የአንድ ሕዝብ ብርታት ከሕፃኑ አልጋ እንደሚዠምር የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ 28 ቀን ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ገልጧል። መንግሥታት ግን በ2008 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተስማምተው፥ ይህ ቍጥር በየአገሩ በአውሮጳ አቈጣጠር እስከ 2030 ዓ.ም. ቢያንስ ወደ 12 እንዲወርድ ቈርጠዋል። የቀረው ጊዜ አጭር፥ መንገዱ ግን ረዥም ነው።

ያለጊዜው የተወለደ፥ ለመጥባት ዐቅም ያጣ፥ ወይም ደሙ በተውሳክ የተመረዘ ሕፃን ምግቡንና መድኀኒቱን የሚቀበለው በደም ሥሩ በምትገባ ቀጪን ቱቦ፥ ማለት በካኑላ ነው። ይህችን ቱቦ ማግባት ብልኀት የሚጠይቅ ቢኾንም በጥቂት ደቂቃ ይፈጸማል፤ መጠበቋ ግን የቀንና የሌሊት ሥራ ነው።

መዠመሪያው የመጠን ነገር ነው። 2 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በቀን በየኪሎው 60 ሚሊ ሊትር ቢታዘዝለት፥ በሰዓት የሚደርሰው 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚኾንበት የሕፃናት መስጫ ሲለካ በደቂቃ 5 ጠብታ ይኾናል። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚኾንበት በዐዋቂ መስጫ ያው 5 ጠብታ ቢቈጠር ግን ሕፃኑ የታዘዘለትን 3 እጥፍ ይቀበላል፤ ይህም ለልቡና ለሳንባው ከባድ ሸክም ነው።

ኹለተኛው ቱቦዪቱ ከደም ሥር ወጥታ መድኀኒቱ በሥጋ ውስጥ የፈሰሰ እንደ ኾነ ነው። ሕፃኑ አመመኝ አይልም፤ ምልክቱን የምታነብለት ነርስ ናት። ቦታው ቢያብጥ፥ ቢቀላ፥ ቢገረጣ ወይም ቢቀዘቅዝ ወዲያው ማቆም ይገባል፤ ሰዓት ካለፈ ቈዳው እስከ መሞት ይደርሳል። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህም ቦታው ተጠቅልሎ ከዐይን ሊሰወር አይገባም።

ሦስተኛው ተውሳክ ነው፤ ባልታጠበ እጅ ያለ ጀርም በቱቦዪቱ አድርጎ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ዓ.ም. ስለዚሁ ቱቦ ባወጣው መመሪያ የእጅን ንጽሕና አጥብቆ አዝዟል።

እንግዲህ መሣሪያ መግዛት ደግ ነው፤ ነገር ግን ጠብታ የሚቈጥር መሣሪያ እብጠትን አያይም፥ እጁንም አይታጠብም። አንዲት ነርስ በአንድ ሌሊት ለብዙ ሕፃናት ብቻዋን ብትመደብ እያንዳንዱን በየሰዓቱ ማየት አይቻላትም፤ ይህም የአስተዳደር ጉድለት እንጂ የእርሷ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ የሐኪም ቤት አስተዳዳሪዎች በጀት ሲያዘጋጁ ከመሣሪያው አስቀድመው የሌሊቱን ነርስ ቍጥር፥ ውሃውንና ሳሙናውን ሊያስቡ፥ በሕፃናት ጥበቃ የሠለጠነችውንም ነርስ ያለ ብርቱ ምክንያት ወደ ሌላ ክፍል ከማዛወር ሊቈጠቡ ይገባል። መርፌው ሕፃኑን የሚያድነው የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነውና።