ለእንግዳውም ቀሮ ይኑረው

የአዲስ አበባ ሰው ስለ ትውልድ ቀዬው ሲያወራ ጊዜው ሁልጊዜ በዓል ነው። መንዜ ከሆነ የገና ጨዋታው ሜዳ ይነሣል፤ በጭጋግ ውስጥ የሚሰማው የጥምቀት ከበሮ፣ ጉሽ ጠላው፣ ምድጃ ዳር የተነጠፈው ባና ይነሣል። ውርጭ የመታው የገብስ ማሳ፣ በልጉ የከዳው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ማገዶ ያለቀበት ቤት ግን ከወሬው ውስጥ የሉም። በዚህ ማንም አይወቀስም፤ ሰው የሚያስታውሰው የተደሰተበትን ቀን ነው። ነገሩ የሚበላሸው ትዝታው ዕቅድ ሲሆን ነው። ስለ መንዝ ልማት በተነሣ ቁጥር ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የጓሳ የሣር ሜዳ ይጠራል፤ አየሩ፣ ጭላዳው፣ ገደሉ ይወደሳል፤ ከዚያ “ሎጅ ይሠራበት፣ ባለሀብት ይግባበት፣ ተወላጁም በእረፍት ቀኑ ይጉረፍበት” ይባላል። የተወላጁ ፍቅር ስላለ ቦታው አይጎዳም የሚል እምነት ከሥር አለ። እምነቱ መሠረት የለውም። ጓሳን እስከ ዛሬ ያቆየው ፍቅር አይደለም። ሣሩን በጊዜው የሚዘጋና በጊዜው የሚከፍት ሕግ ነው። እንግዳውም ከመብዛቱ በፊት በዚያው ዓይነት ሕግ መገዛት አለበት።

ሕጉ ቀሮ ይባላል። የመንዝ ሰው እንደሚተርከው አካባቢውን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት አስቦና ጌራ ናቸው፤ ጓሳም ለልጅ ልጆቻቸው የጋራ አጽመ ርስት ሆኖ ወረደ። የየወገኑ ሰዎች አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። እሱ በሚመራው ሥርዓት ሜዳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር፤ ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ጫፍ ይከፈት ነበር። መጀመሪያ አጫጁ ይገባ ነበር፤ ከብት ነጂውና ማገዶ ለቃሚው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ ሜዳው ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሣር ነው፤ ሆኖም የጓሳ ሣር ተራ ሣር አይደለም። የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ እረኛው ዝናብ የሚያሳልፍበት ገሳ ነው። ገሳን ልብ ብሎ ያየ ሰው የአዘጋጉን ምክንያት ያገኘዋል። ሣሩ አንገት ላይ ተጎንጉኖ ወደ ታች በድርብርብ ይለቀቃል፤ ውሃው እንደ ጎጆ ክዳን በላዩ ይንሸራተታል፤ እረኛው ቁጢጥ ሲል አጠገቡ ያለ ሰው አንዲት ትንሽ ጎጆ የበቀለች ይመስለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በረጅምና ባልተጋጠ ሣር ነው። በየዓመቱ የሚታጨድና የሚጋጥ ሜዳ ገሳ አያለብስም።

ዛሬ ፎቶ ለማንሳት የምንሄድላቸው አራዊት የዚህ ሕግ ትርፍ ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለቀይ ቀበሮ ብሎ ሕግ ያወጣ አባት አልነበረም። ሰዎቹ ለጣሪያቸው ሲሉ ሣሩን ዘጉ፤ በሣሩ ሥር አይጡና ፍልፈሉ ተራባ፤ አይጡንና ፍልፈሉን እየበላ ቀይ ቀበሮው ቆየ። በመላው ዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ብቻ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ትርፍ አይደለም። ጭላዳውም ሣር በል ነው፤ ቀኑን ሜዳው ላይ ሲግጥ ውሎ ማታ ገደሉ ላይ ያድራል። ውሃውም እንዲሁ ነው፤ ጓሳ የዓባይና የአዋሽ ተፋሰሶች የሚለያዩበት ከፍታ ስለሆነ ሣሩ የያዘው እርጥበት በምዕራብ ወደ ጀማ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ሕጉ ሲነሣ ምን እንደሚሆን መገመት አያስፈልገንም፤ አንድ ጊዜ ታይቷል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ። በማግሥቱ በጓሳ ዙሪያ የሚኖረው ያው ሕዝብ ነበር። አገሩን መውደድ አልተወም፤ ጓሳ ምን እንደሚሰጠውም አልረሳም። ነገር ግን “እኔ ባልቆርጠው ሌላው ይቆርጠዋል” የሚለው ስሌት ገባ፤ ሜዳው ያለ ተራ ታጨደ፣ ያለ ተራ ተጋጠ። ያዳነው ኋላ ነዋሪው ራሱ ነው፤ በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ኮሚቴ አቋቁሞ የመዝጋትና የመክፈቱን ልማድ በአዲስ መልክ መለሰው። የክልሉ መንግሥትም በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደንብ አውጥቶ አጸናለት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምረው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ዛሬ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ፍቅር ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ በነዚያ ዓመታት ሣሩ ባልተመናመነ ነበር።

እንግዳ ከሣር አጫጅ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር ወደ እንግሊዝ የባሕር ዳር መንደሮች ይመልከት። ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባቸው ጠባብ መንደሮች ነበሩ። መጀመሪያ ባቡሩ የከተማውን ሠራተኛ አመጣላቸው፤ በ1938 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ደመወዝ ያለው ዕረፍት በሕግ ተደነገገ። ቤተሰቦች በየክረምታቸው፣ ማለትም በኛ ዝናብ በነሱ ፀሐይ ጊዜ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ባሕሩ ዳር እየሰነበቱ ይመለሱ ነበር። ልጆቹ ሲያድጉ ትዝታቸውን ይዘው አደጉ። ከመካከላቸው ገንዘብ ያገኘው ትዝታውን ለመግዛት ተመለሰ፤ ያችን የወደዳትን የዓሣ አጥማጅ ቤት ገዝቶ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይከፍታት ጀመር። በኮርንዎል ባለችው ሴንት አይቭስ የአካባቢው ወጣት ቤት መግዛት አቃተው፤ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ ይሁን አለ። ዊትቢ የምትባለው ሌላ የባሕር ዳር ከተማም በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርባ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘች። እነዚህን መንደሮች የጎዳቸው የሚጠላቸው ሰው አልነበረም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳቸው ነው። የሴንት አይቭስ ሕግ ደግሞ እንደታሰበው አልሠራም የሚል ትችት አለ፤ ክልከላው አዲስ ቤት ላይ ብቻ ስለነበር ገዢው ፊቱን ወደ ነባሩ ቤት አዞረ። ለኛ የሚጠቅመን ይኸኛው ነው፤ ገበያው ከደራ በኋላ የሚወጣ ሕግ ሁልጊዜ ቀዳዳ አለው።

“በኛ አገር መሬት አይሸጥም፤ የእንግሊዝ በሽታ እኛን አይነካንም” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ መሬትን ከገበያ አውጥቷል። ሊዝና የኢንቨስትመንት ቦታ ግን አላወጣም። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ምርጥ ቦታ ለረጅም ዓመታት ለአንድ ድርጅት ከተሰጠ መሬቱ የተሸጠ ያህል ነው፤ እረኛው ያን ያህል ዘመን በዚያ አያልፍም። ሁለተኛው መልስ ከጉራጌ ይመጣል፤ መርካቶ በመስቀል ሰሞን ጭር የሚለው ነጋዴው አገሩ ስለገባ ነው፣ አገሩም በዚህ ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም ይባላል። እስማማለሁ፤ እንዲያውም ለኔ ሐሳብ ማስረጃ ነው። የጉራጌ መስቀል ሥርዓት ያለው መግባት ነው። ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ቅቤውን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ከብቱን ማን ከማን ጋር እንደሚያርድ የታወቀ ነው። የሚገባውም ቤተሰቡ ቤት እንጂ ሆቴል አይደለም። መንዝ ግን የሚጋብዘው ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ጭላዳ ለማየት የሚመጣው ፈረንጅ ወይም አየር ለመለወጥ የሚወጣው የቦሌ ሰው እዚያ ቤት የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ስለ ቀሮ ስለራሱ ነው። ቀሮ የባላባት ሥርዓት ነበር። መብቱ በዘር ሐረግ የሚወርድ ነው፤ ከአስቦም ከጌራም የማይወለድ ሰው አጠገቡ እየኖረ ሣሩን በዓይኑ ብቻ የሚያይበት ዘመን ነበር። ይህን መሸፋፈን አይገባም፤ ያን ዘመን ይመለስ የሚል ካለም ከኔ ጋር አይደለም። ነገር ግን ሥርዓቱ ሁለት ነገር ነበረው፤ ማን ይጠቀም የሚለውና መቼ፣ እንዴት፣ በምን ተራ ይጠቀም የሚለው። የ1967ቱ አዋጅ የመጀመሪያውን ሲያፈርስ ሁለተኛውንም አብሮ አፈረሰው። ኋላ የተቋቋመው ኮሚቴ የቀበሌዎቹን ነዋሪ ሁሉ አስገብቶ መዝጋትና መክፈቱን ብቻ መለሰ። የሚፈለገው ይህ የታረመው ቀሮ ነው።

ለእንግዳ ሲተረጎም ምን ይመስላል? የአልጋው ቁጥር የታወቀ ይሁን፤ ጨምሩ ሲባል የሚፈቅደው ማኅበረሰቡ እንጂ ባለሀብቱ አይሁን። ጓሳ ውስጥ ማኅበረሰቡ የያዘው ጥቂት ክፍሎች ያሉት ማረፊያ አለ፤ መሪና የጭነት አጋሰስም ከአካባቢው ይገኛል። መነሻው ይኸው ነውና ይስፋ ከተባለ ከዚሁ ይስፋ። አጋሰሱ በተራ ይጫን፤ ደላላ ያወቀው ባለ አጋሰስ ብቻ ተጠቃሚ አይሁን። በክረምት፣ መሬቱ ርሶ አንድ ኮቴ እንኳን ጭቃውን በሚበጣጥስበት ጊዜ፣ ቦታው ለእግረኛ መንገደኛም ይዘጋ። ገቢው ወረዳ ካዝና ገብቶ ከመጥፋቱ በፊት ድርሻው ሣሩን ለሚጠብቁት ይቆረጥ። ሣር ሳይታጨድ የሚቆይባቸውን ዓመታት የሚችለው ጎረቤቱ ነዋሪ ነው፤ ቱሪስቱ በጥጋብ ለሚያየው ሜዳ ዋጋውን በማገዶና በግጦሽ የሚከፍለው እሱ ነው።

“ድሃ አገር ነን፤ መጀመሪያ ገንዘቡ ይምጣ፣ ሕጉ ይደርሳል” የሚለው ክርክር ለመስማት ደስ ይላል። የመንዝ ገበሬ ግን እንደዚያ አያስብም። ገብሱ በውርጭ የተመታበት፣ ያለችውን በግ ሸጦ እህል የሚሸምት ሰው እንኳን ቀሮ እስካለ ድረስ ያልደረሰ ሣር እንዲታጨድ አልፈቀደም። ከችግሩ ጋር ሆኖ ሦስት ዓመት መጠበቅ የቻለው ድሃው ነው፤ መጠበቅ ያልቻለው ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣው ነው። ከውጭ ሰው ጋር በዝግታ መወዳጀትም እንግዳ ነገር አይደለም። የመርሐቤቴዋ አለም ከተማ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር ከ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የእህትማማችነት ግንኙነት አላት፤ ይህን ያህል ዘመን የቆየው ግንኙነት የበዓል ሰሞን ግርግር አላስፈለገውም።

አገሩ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ስለ ሽርሽር ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ መንገድ መሄድ ለነዋሪውም ፈተና ሆኗል። እንግዳ የለም ማለት ይቻላል። ሕግ ለማውጣት ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ቀሮ ሜዳውን የሚዘጋው አጫጁ ማጭዱን ስሎ ደጃፉ ላይ በቆመበት ቀን አይደለም። መንገዱ ሲከፈት፣ ሰላሙ ሲመለስ፣ ባለሀብቱ ፕላኑን ጠቅልሎ መሐል ሜዳ ሲደርስ ኮሚቴው የጻፈው ደንብ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳና አዲስ አበባ ያሉ የመንዝ ልጆች ማኅበራት ይህን ለመጻፍ ከኮሚቴው ጋር አሁኑኑ ይቀመጡ።

አንባቢም ቀን ወጥቶለት ወደ ጓሳ ሲሄድ ብርድ ልብስ ከአዲስ አበባ ጭኖ አይሂድ። ቦታው ብርዳም ነው፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና አለ፤ ከባድ ነው፣ ትንሽ ይኮሰኩሳል፣ ይሞቃል።