በርጭቱ ዋጋ ውስጥ ረጪው የት አለ?

አንድ መሥሪያ ቤት ለፀረ ተባይ ርጭት ጨረታ ሲያወጣ ምን ምን እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የጨረታ ማስከበሪያ። ከዚያ ፖስታው ይከፈትና ዝቅተኛውን ዋጋ የጻፈው ያሸንፋል። ፓምፑን አዝሎ ምድር ቤት የሚወርደው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሠልጥኖ እንደሆነ፣ ቢመረዝ ማን እንደሚያሳክመው የሚጠይቅ መስመር ግን ከስንት አንዱ ሰነድ ላይ ቢገኝ ነው። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የመጀመሪያው ተጠያቂ ይህ የግዢ ልማዳችን ነው።

ሥራው አስፈላጊ ስለመሆኑ ክርክር የለም። ትኋን በግድግዳ ስንጥቅና በኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳ ከጎረቤት ጎረቤት ይሻገራል፤ በረሮ በፍሳሽ ቱቦ ሽቅብ ይወጣል። ሆቴሉም፣ ሆስፒታሉም፣ የተማሪዎች መኝታ ቤትም ረጪ ይጠራሉ። እኛ ቤቱን ለቀን ስንወጣ እሱ ይገባል።

ብዙ ሰው አደጋው ያለው ርጭቱ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ከሁሉ የሚያሰጋው ሰዓት ግን ከዚያ በፊት፣ ያልተበረዘው መድኃኒት ከጠርሙሱ ወደ ፓምፑ ሲገለበጥ ነው። ውሃ ያልነካው ጥቂት ጠብታ እጅ ላይ ቢፈስስ፣ የቀጠነው በብዙ ሰዓት ከሚያደርሰው የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። መርዙ በአፍንጫ ብቻ አይገባም። በቆዳም ይገባል፤ በግንባር፣ በብብትና በብሽሽት ደግሞ ከመዳፍ ይልቅ በፍጥነት። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ሰማያዊ ማስክ የመድኃኒት ትነትን አያስቀርም፤ የሚያስፈልገው የካርቦን ፊልተር ያለው ጭምብል ነው፤ ፊልተሩም በወቅቱ መቀየር አለበት። በመድኃኒት የረጠበ ቱታ ቤት ተወስዶ ከልጆች ልብስ ጋር ከታጠበ መርዙ ቤተሰቡ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። ማላቲዮንን የመሰሉ ኦርጋኖፎስፌት መድኃኒቶች ሰውን ሲመርዙ ላብ ያጠምቁታል፣ ምራቁን ያዝረከርኩታል፣ የዓይኑን ብሌን ያጠብቡታል። ሐኪም ቤት በጊዜ ከተደረሰ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ። ለዚህ ግን አብሮት የሚሠራው ባልደረባ ምልክቱን ማወቅ፣ የመድኃኒቱን ስም የያዘውን ልጣፍም ይዞ መሮጥ አለበት። ሥልጠና የምንለው ይህንን ነው። የምስክር ወረቀቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ዕውቀቱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ደንቡን ጠብቀው በሚካሄዱ የወባ መከላከያ የቤት ውስጥ ርጭት ዘመቻዎች ረጪዎቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለቀናት ይሠለጥናሉ። የራስ ቁር፣ የፊት መከለያ፣ ቱታ፣ ጓንትና ቦት ጫማ ይታደላቸዋል፤ ከሥራ ሲመለሱ የሚታጠቡበት ቦታ፣ እጣቢው የሚወርድበት ጉድጓድ ይዘጋጃል። ገጠር ውስጥ ጎጆ የሚረጭ ወጣት ይህን ሁሉ እያገኘ፣ ከተማ ውስጥ ባለ ኮከብ ሆቴል የሚረጨው ወንድሙ ለምን ያጣል?

ጋዝ ሲሆን ደግሞ ጣጣው ለጎረቤትም ይተርፋል። አልሙኒየም ፎስፋይድ፣ እህል ነጋዴው ፎስቶክሲን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቀው ክኒን፣ ለእህል መጋዘን የተሠራ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ዩታ ክፍለ ግዛት፣ ሌይተን በተባለች ከተማ፣ አንድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከመኖሪያ ቤት ጋራዥ አጠገብ ባለ የሜዳ አይጥ ጉድጓድ ውስጥ ይህን መድኃኒት ጨመረ። ጋዙ ወደ ቤት ዘልቆ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾችን ገደለ። መመሪያው ከሕንፃ 15 ጫማ ራቁ ይል ነበር። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በዚያው ዓመት መድኃኒቱን በመኖሪያ ቤት አካባቢ መጠቀምን ከለከለ፤ ለሌሎች ሕንፃዎችም ርቀቱን 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ገደማ አደረገው። በኮንዶሚኒየም በአንድ ግድግዳ ተካፍለን የምንኖር ሰዎች፣ በ30 ሜትር ውስጥ ስንት ጎረቤት፣ ስንት የሕፃን አልጋ እንዳለ እንቁጠር። ይህን ክኒን ለትኋን ብሎ መኝታ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው የሰው ሕይወት በእጁ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያስገነዝብና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ደግሞ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነቱ የአሠሪው ነው። ሕክምናው አለ፤ ሠራተኛው መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ አለ። መድን ያልገባ አሠሪ ሠራተኛው ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካልቻለ የአምስት ዓመት ደመወዙን ይከፍላል። በወር 6,000 ብር ለሚያገኝ ረጪ ይህ 360,000 ብር ነው። ትንሽ ድርጅት በአንድ አደጋ ሊዘጋ ይችላል፤ ሲዘጋ ደግሞ ተጎጂው ካሳውን ከማን ይጠይቃል? የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ችግሩ ዓረቦኑ በሚሰላበት መንገድ ላይ ነው። መሠረቱ የዓመት ደመወዝ ድምር ስለሆነ ጥቂት ሠራተኛ ያስመዘገበ ባለቤት ጥቂት ይከፍላል። ጸሐፊዋና ሾፌሩ ዝርዝሩ ላይ ይሰፍራሉ፤ ፓምፕ የሚያዝለው ልጅ በቀን ሒሳብ ይጠራና ስሙ የትም አይጻፍም። ረጪዎቹን የሚያመላልሰው መኪና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ አይወጣም፤ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ግን ያለ አንዳች ዋስትና ይሄዳል፤ የሚጠይቅም የለም። ሠራተኛውን ሁሉ ያስመዘገበው፣ ለሥልጠና ብሎ ሥራ ያቆመው ሐቀኛ ባለቤት ደግሞ ጨረታ ላይ በዋጋ ይሸነፋል። ይህ ያናድደኛል።

አሜሪካ ውስጥ ለሠራተኞች ካሳ መድን የሚሠራበት አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ለአብዛኛው መካከለኛና ትልቅ ድርጅት ያለፉት ሦስት ዓመታት ገደማ የጉዳት ታሪኩ ይታይና ማባዣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አማካዩ 1 ነው። መነሻ ዓረቦኑ 20,000 ዶላር የሆነ ድርጅት ማባዣው 0.80 ከሆነ 16,000 ይከፍላል፤ 1.30 ከሆነ 26,000። በስሌቱ ውስጥ ተደጋጋሚ ትናንሽ ጉዳቶች ከአንድ ትልቅ ጉዳት ይልቅ ይከብዳሉ፤ ምክንያቱም መደጋገም የአሠራር ጉድለትን ያሳያል። በተለይ በግንባታ ሥራ፣ ማባዣው ከ1 የበለጠን ተቋራጭ ጨረታ ላይ የማይቀበሉ አሠሪዎችም አሉ። ሥልጠናው በዚህ መንገድ ለባለቤቱ ገንዘብ ያተርፍለታል።

የእኛ መድን ሰጪዎች ይህን ሁሉ ስሌት ነገ ይጀምሩ አልልም። ውል ሲያድሱ ግን የሥልጠና መዝገቡን፣ የጭምብሉን ዓይነት፣ የአደጋ መዝገቡን መጠየቅና ለተጠነቀቀው ዓረቦን መቀነስ አያቅታቸውም። ከሁሉ የሚቀለው ግን የገዢው ድርሻ ነው። በሐምሌ በጀት ዓመቱ ሲጀምር ለሚወጡት የርጭት ጨረታዎች፣ የረጪዎቹ ስም የሰፈረበት የመድን ዝርዝርና የሥልጠና ማስረጃ ከንግድ ፈቃዱ እኩል ይጠየቅ፤ ይህን ያላቀረበ የዋጋ ፖስታው አይከፈት። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ረጪ ፓምፕ አዝሎ በር ላይ ቢመጣ እንደማይገባም በውሉ ይጻፍ፤ ለጥበቃውም ቅጂ ይሰጠው።