ታድግበታለች

በዚህ ሳምንት ስለ ልብስ ስፌት እንጫወታለን። ነገሩ የጀመረው በአንድ ቀሚስ ነው።

እናቴ ልጄ ለእንቁጣጣሽ እንድትለብሰው ብላ ከአዲስ አበባ የሀበሻ ቀሚስ በሰው እጅ ላከችልን። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ ነጭ፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን፣ ከታች ዙሪያውን አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለው ቀሚስ ነው። ጥለት ማለት ሸማኔው በቀለም ክር እዚያው ጨርቁ ላይ የሚሠራው ጌጥ ነው። ልጄ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ቀሚሱን ለበሰችና ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ጫፉን ረግጣ ወደቀች። በሜትር ስለካው 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማታል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። “እማዬ፣ ቀሚሱ በጣም ረዝሟል እኮ” አልኳት።

“ታዲያ ምን አለበት? ታድግበታለች” አለችኝ።

ይህችን ቃል ሳይሰማ ያደገ የሀበሻ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የእኔም ጫማ፣ ሹራብ፣ የትምህርት ቤት ልብስ ሁሉ የሚገዛው አንድ ቁጥር ተጨምሮበት ነበር።

ቀሚሱን እዚህ ጀርመን በምኖርበት ከተማ ወደሚገኝ አንድ ልብስ አስተካካይ ወሰድኩት። “ከታች ቆርጠን እንቀመቅመዋለን፤ ዋጋው 40 ዩሮ ነው” አሉኝ። መቀምቀም ማለት የጨርቅን ጫፍ አጥፎ መስፋት ነው። ከታች ከተቆረጠ ግን ጥለቱ አብሮ ይሄዳል። የሚቀጥለው ዓመት ልጅቷ ስታድግ ደግሞ ቀሚሱ ያጥራታል። አመስግኜ ወጣሁ። በዓሉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። “ራሴ እሰፋዋለሁ” ብዬ ወሰንኩ።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ጥቁር ሲንጀር ነበር። ጨርቁ ላይ ምልክት የሚያደርጉት ባለቀ ሳሙና ቁራጭ ነው። ስለዚህ “ስፌት የሴት ሥራ ነው” የሚለኝ ሰው ቢመጣ የምመልሰው አላጣም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቸኩሎ መግዛት ነበር። አዲስ፣ ትንሽ፣ ቀላል የስፌት መኪና በ35 ዩሮ አገኘሁና በኢንተርኔት አዘዝኩ። አንድ እጥፍ ስስ ጨርቅ ላይ ደህና ሠራች። ጨርቁ ሦስትና አራት እጥፍ ሲሆንባት ግን መርፌዋ ቆመ፤ መኪናዋም ጠረጴዛው ላይ መንሸራተት ጀመረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአገልግሎት ውጪ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ያገለገለ መኪና መፈለግ ጀመርኩ። በተመሳሳይ ገንዘብ ከአዲስ ርካሽ መኪና ይልቅ ያገለገለ ጥሩ መኪና ይሻላል። ብዙዎቹ የድሮ መኪናዎች ውስጣቸው ብረት ነው። ከባድ ስለሆኑ ሲሰፉ አይንቀጠቀጡም፤ ቢበላሹም ይጠገናሉ። እኔ ከአንዲት አሮጊት ሴት በ70 ዩሮ ገዛሁ።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሄዳችሁ እነዚህን ነገሮች አድርጉ።

አንደኛ፣ ከቤት ሁለት ዓይነት ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ስስ፣ አንድ የጂንስ። ሻጩ ፊት ስፉበት። ጂንሱን አራት እጥፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። “ይሠራል” የሚል ቃል ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ።

ሁለተኛ፣ በስተቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩት። ሳይንቀራፈፍና ሳይንኳኳ መዞር አለበት።

ሦስተኛ፣ ቀጥታ፣ ዚግዛግና ወደ ኋላ መስፋቱን እዩ። ለቤት ሥራ እነዚህና የቁልፍ ቀዳዳ መሥሪያው ይበቃሉ። ሁለት መቶ ዓይነት የጌጥ ስፌት ላለው መኪና ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና የእግር መርገጫው እንዳልተሰነጣጠቁ፣ ሲሠራም የተቃጠለ ሽታ እንደሌለው አረጋግጡ።

አምስተኛ፣ መርፌውና ቦቢኑ አሁንም በገበያ ላይ መኖራቸውን ጠይቁ። ቦቢን የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ትንሽ ክብ ዕቃ ነው። አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች 130/705 ኤች የሚባለውን መርፌ ስለሚጠቀሙ መርፌ ማግኘት አይከብድም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእናንተ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ 220 ነው። አሜሪካ የተገዛ መኪና ለዘመድ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ።

የስፌት መኪና ለቤተሰብ ውድ ዕቃ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር ለመኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1851 ነበር። ዋጋው ለተራ ቤተሰብ ስለከበደ ድርጅቱ በ1856 በየወሩ እየከፈሉ መውሰድ የሚቻልበትን አሠራር ጀመረ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መኪናውን ቤት ካመጣሁ በኋላ ችግር ገጠመኝ። ከላይ ሲያዩት ስፌቱ ያምራል። ጨርቁን ስገለብጠው ግን ከሥሩ ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ተተብትቧል። የተበላሸው ታች ስለሆነ ታች ያለውን ሁሉ ነካካሁ። ቦቢኑን አወጣሁ፣ አጸዳሁ፣ መለስኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሁለት ምሽት እንዲሁ አለፈ።

ጥፋቱ ያለው ላይ ነበር። የስፌት መኪና በሁለት ክር ነው የሚሰፋው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይመጣና ጨርቁ መሃል ላይ ይያያዛሉ። የላይኛው ክር ወጥሮ በሚይዘው ቦታ ውስጥ በደንብ ካልገባ ይላላል፤ የላላውም ክር ታች ሄዶ ይከማቻል። እኔ ክሩን የማስገባው ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ነበር። እግሩ ሲወርድ የክር መወጠሪያው ይዘጋል። እግሩን ከፍ አድርጌ ክሩን እንደገና ሳስገባው ስፌቱ ተስተካከለ። ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ስህተት የሚታይበት ቦታና የሚነሳበት ቦታ እንደሚለያይ በየቀኑ አያለሁ። እንዲያም ሆኖ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

ስለ መርፌም ልንገራችሁ። መርፌ ላይ 70፣ 80፣ 90፣ 100 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 90 ማለት የመርፌው ውፍረት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለጂንስ 100፣ ለተራ ጥጥ 80፣ እንደ ነጠላ ላለ ስስ ጨርቅ 70 ይሆናል። የደነዘዘ መርፌ ስስ ጨርቅን ይቦጭቃል። መርፌ ርካሽ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ከመርፌ ሌላ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው። ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ ጥሩ መቀስ ይኑራችሁ፤ ወረቀት ከቆረጣችሁበት ይደነዝዛል። ሜትር፣ ስፒል፣ ካውያና ጥሩ ክር ያዙ። ለምልክት የሳሙና ቁራጭ ይበቃል። መኪናውን ጨምሮ ጠቅላላ ወጪዬ ከ100 ዩሮ በታች ነበር። የመጀመሪያዋን መኪና 35 ዩሮ ግን አልቆጠርኩም፤ እሱ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ቀጥታ ቀሚሱ ላይ አልዘለልኩም። በአሮጌ አንሶላ ሦስት የትራስ ልብስ ሰፋሁ። የትራስ ልብስ ሁሉም ቀጥታ መስመር ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። እጄ ሲለምድ በአሮጌ ነጠላ ላይ ሞከርኩ። የሸማ ጨርቅ ስስ ስለሆነ መኪናው ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጌ አብሬ ሰፋሁትና በኋላ ወረቀቱን ቀስ ብዬ ቀደድኩት። ያኔ ተስተካከለ።

አሁን ወደ ቀሚሱ። “አስር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ” ይባላል። እኔ አስር ጊዜ ለካሁ፤ ግን አልቆረጥኩም። ከጥለቱ በላይ ቀሚሱን ዙሪያውን ሦስት ቦታ አጠፍኩት። የእያንዳንዱ እጥፋት ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ጨርቁ ሄዶ ስለሚመለስ አንድ እጥፋት 4 ሴንቲ ሜትር ያሳጥራል። ሦስቱ 12 ሆኑ። እጥፋቶቹን በስፒል ያዝኩ፣ ከሥር ወረቀት አደረግኩ፣ በኋላ ለመተርተር እንዲቀል ስፌቱን በ3 ሚሊ ሜትር ሰፋሁ። መተርተር ማለት ስፌትን መፍታት ነው። ጥለቱን በካውያ ስተኩስ ሙቀቱ ወርቃማውን ክር እንዳይጎዳው ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል አደረግኩ።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጄ ቀሚሱን ለብሳ ሳትወድቅ ሮጠች። ለእናቴ በቪዲዮ ደወልንላት።

“ቆረጥከው እንዴ?” አለች ገና ሳታየው።

ስልኩን ወደ ቀሚሱ አስጠግቼ እጥፋቶቹን አሳየኋት። ጥለቱ ሙሉ ነው። “በየዓመቱ አንድ አንድ እጥፋት እፈታለሁ። እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ትለብሰዋለች” አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች።

“አላልኩህም? ታድግበታለች!”

በሉ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ። ቤታችሁ ውስጥ የረዘመ ቀሚስ ካለ፣ መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት እጥፉትና እዩት።