ዳያስፖራ ማን ነው?

ከምሠራበት የባንክ መስኮት በላይ «የዳያስፖራ አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። በስተግራዬ ያለው መስኮት ሐዋላ መክፈያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሦስት እርምጃ አይበልጥም። አንድ ቀን ግን አንዲት ደንበኛ ያንን ሦስት እርምጃ ስትሄድና ስትመለስ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ በቅጽ ላይ ስሞላው የኖርሁት አንድ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬን ይዞኛል።

ሴትዮዋ ፓስፖርቷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ወደ እኔ ቀረበች። ገና አፏን ሳትከፍት፣ «እህቴ፣ ሐዋላ ከሆነ በዚያ በኩል ነው» አልኋት። እሺ ብላ ሄደች። ወረፋው ላይ ቆማ ቀና ስትል የተሰቀለውን ጽሑፍ አነበበች መሰለኝ፣ ተመልሳ መጣች።

«ወንድሜ፣ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ቤይሩት ነው የኖርኩት። ለዕረፍት መጥቼ ነው እንጂ ሥራዬም ኑሮዬም እዚያው ነው። ዳያስፖራ ማለት እኔን አይጨምርም እንዴ?»

ይጨምራል። መመሪያው የሚናገረው ኑሯቸው ከኢትዮጵያ ውጭ ስለሆነ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ብሎ አልለየም። እኔ ግን መመሪያውን አላየሁም፤ ያየሁት ፌስታሉን ነው። ስንኝ ስቋጥር ለአንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ የምጨነቀው ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ አንዲትን ሴት ስሟን ነጠቅኋት።

ለመሆኑ ይህ ቃል ከየት መጣ? ወደ እኛ የደረሰው በእንግሊዝኛ በኩል ይሁን እንጂ ትውልዱ ግሪክ ነው። ሥሩ «መዝራት» ነው፤ ገበሬ ዘሩን በማሳው ላይ ወዲያና ወዲህ እንደሚበትነው ያለ መበተን። በሰባ ሊቃናት ትርጉም፣ በኦሪት ዘዳግም 28ኛ ምዕራፍ፣ በእርግማኑ መካከል እናገኘዋለን፤ ሕዝብ ከአገሩ ተነቅሎ ስለ መበተኑ በተነገረበት ቦታ። ለረጅም ዘመን የአይሁድ መበተን መጠሪያ ሆኖ ቆየ። ኋላም ለአርመኖች፣ በባሪያ ንግድ ከአፍሪካ ተግዘው ለተወሰዱትም ተረፈ። እንግዲህ ቃሉ ሲወለድ በእጁ የያዘው ኀዘን ነበር እንጂ ዶላር አልነበረም። ደግሞም የሕዝብ ስም እንጂ የአንድ ሰው ስም አይደለም። «ልጂቱ ዳያስፖራ አገባች» የሚለውን አነጋገራችንን ቃል በቃል ብንተረጉምለት እንግሊዛዊ ግራ ይገባዋል፤ የተበተነን ሕዝብ ማግባት እንዴት ይቻላል?

ቃሉን የተበደርነው አማርኛ ድሃ ሆኖብን አይደለም። «ስደተኛ» አለን፤ «መጻተኛ» አለን፤ በሰው መካከል ሆኖ ሰው የሌለው «ባይተዋር» አለን። ስደት ደግሞ በዚህ አገር የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አያውቅም። ከመስከረም 26 ጀምሮ በሚጾመው ጾመ ጽጌ ምእመናን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ ያስባሉ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው የተጠለሉት በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው፤ ያ ስደትም እስከ ዛሬ በክብር ይነገራል። ስደተኛን የተቀበለ አገር፣ የራሱ ልጆች ሲሰደዱ በስሙ አፈረ።

እፍረቱ የመጣው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ስደተኛው ገንዘብ ይዞ በተመለሰ ጊዜ ነው። በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ በመጠለያ ካምፕ ሰንብቶ፣ አሜሪካ ደርሶ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ቦሌ ላይ ሻንጣውን እየገፋ ሲወጣ፣ «ስደተኛ» የሚለው ስም ለጫማው የማይመጥን መሰለን። በ1994 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 270 ለውጭ ዜጎች ለሆኑ የኢትዮጵያ ተወላጆች ልዩ ልዩ መብት ሰጠ፤ «ቢጫ ካርድ» የምንለው መታወቂያም መጣ። መብቱ ተገቢ ነው። ቃሉ ግን ከዚያ በኋላ በአፋችን ላይ እየጠበበ ሄደ። «የዳያስፖራ ዋጋ»፣ «የዳያስፖራ ሰርግ» ስንል የምንናገረው ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ ቦርሳው?

በወረቀት ላይ ቃሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዳያስፖራ ፖሊሲ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ያኔ ማን «ዳያስፖራ መጣ» አለ? ስማቸው «ከስደት ተመላሽ» ነበር።

2014 ዓ.ም ደግሞ ሁለቱን በአንድ ዓመት አሳየን። ለገና በዓል አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ወደ አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ተላለፈ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት፣ በሳዑዲ ማቆያዎች ሲማቅቁ የነበሩትን የሚያመጡ በረራዎች ተጀመሩ። ያረፉት በዚያው በቦሌ ነው። እናቶቻቸው ያለቀሱት በአንድ ቋንቋ ነው። እኛ ብቻ በሁለት ስም ተቀበልናቸው።

«ቋንቋ እንደ ተናጋሪው ነው፤ ቃል ትርጉሙን ቢለውጥ ምን ይደንቃል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ቃል እንደ ወንዝ መንገዱን ይለውጣል። ነገር ግን አንዱን እያጠጣ ሌላውን ሲያስጠማ ዝም ማለት ከሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አይጠበቅም። ቃሉ ከአንገቱ በላይ የሚያከብረውንም ሰው ቢሆን በድሎታል። የዋሽንግተኑ ወንድማችን በባይተዋርነት ያሳለፈው ክረምት፣ ሳይቀብራት የቀረው እናቱ፣ «ዳያስፖራ» በሚለው ስም ውስጥ የሉም። የቤይሩቷን እህት ክብር ነፈግናት፤ የእሱን ኀዘን ሸሸግንበት።

እኔ ቃሉ ከአማርኛ ይውጣ አልልም፤ ገብቷል፤ በፊደላችን ለብሷል። የምለው፣ ወደ ሥሩ ይመለስ ነው። ዘሪ ሲበትን ዘሩ ሁሉ ለም መሬት ላይ አይወድቅም፤ አለት ላይ የወደቀውም ግን ዘር መባሉ አይቀርም። እኛ በአማርኛ «ዘር» ስንል እህሉንም ትውልዱንም ማለታችን አይደለም?

ያን ዕለት ቅጹን ሰጠኋት። ስሟን በቀስታ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች፤ ከሥሩ ፈረመች። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ወረፋው ረጅም ነው በሚል ሰበብ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ይህችን ቋጠርሁ፤

ሲወጣ አንድ ነበር ዘሩም ነፋሱም፣
ሲመለስ ማን ሰጠው ሁለት ዓይነት ስም?